በቸርችል ጎዳና፣ ከአንበሳ እስከ አንበሳ

ለዚህ ጉዞ መኪናዎን ቤት ይተዉት። የሚያስፈልግዎ ምቹ ጫማ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክና የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። መነሻችን ማዘጋጃ ቤት፣ መድረሻችን ለገሃር ነው። ርቀቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ደግሞም ቁልቁለት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ከወጡ ልጆችም አይደክማቸውም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርዎ። ስልክዎ ላይ የሚጭኑት ሙዚቃ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ላያስደስትዎ ይችላል። አሥር ደቂቃ ያልኩት ለእርስዎ በጎ አስቤ ነው እንጂ እኔ ሰባት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል።

ሙዚቃው የጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ነው። «እሳቸውንማ አውቃቸዋለሁ» ካሉ የሚያውቁት የቀድሞውን ጌታቸው ሊሆን ይችላል፤ «አካሌ ውቤ»ን፣ «አንቺ ሆዬ»ን፣ «አምባሰል»ን። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ የወጣው ሸክላቸው፣ ኋላም ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» 14ኛ ቅጽ ሆኖ ዓለምን የዞረው፣ በብዙ ቤት ይታወቃል። አባቴ በካሴት ነበረው። እኔና ወንድሜ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ካሴቱ ሁለቴ ይገለበጣል። ያ ሳክስፎን ለእኔ የመንገድ፣ የቆሎና የአባቴ የመሪ አያያዝ ድምፅ ነው።

እኔ የምልዎት ግን የኋለኛውን ጌታቸው ነው። ሆላንድ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አልበም በሲዲ አመጣልን። አባቴ ደስ ብሎት መነጽሩን አድርጎ ሽፋኑን አገላብጦ አየ። ከዚያ አጫወትነው። ሁለት ኤሌክትሪክ ጊታሮች ብረት በብረት ሲፋቅ የሚመስል ድምፅ እያወጡ ገቡ፤ ከበሮው እንደሚሮጥ ሰው ይንኮሻኮሻል፤ ከመሃል የጋሽ ጌታቸው ሳክስፎን እየጮኸ ወጣ። አባቴ ሦስት ደቂቃ ያህል ታገሠ። «ይኼ ሰውዬ በስተርጅና ምን ነካው?» አለና ተነስቶ አጠፋው። እኔም ሳቅሁ። ሲዲው ከቴሌቪዥኑ ሥር ካለው መሳቢያ ገባ።

እንግዲህ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመዋል። ገና ምንም አይክፈቱ። ከቀድሞዎቹ ሥራዎች አንዱን፣ «ሽለላ»ን፣ ብቻ ያዘጋጁ።

ጋሽ ጌታቸው በ1927 ዓ.ም በይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ነክተዋል። እ.ኤ.አ. በ1949 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን ሲቀላቀሉ ገና አሥራዎቹ አጋማሽ ላይ ነበሩ። ባንዱ ከሚያዩት ሕንፃ ይቀድማል፤ ሰዓት ያለው ይኼ ግንብ የተሠራው ከዚያ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ «እዚህ በር ላይ ነፉ» ብዬ አላታልልዎትም። ግን ከተማዋ ቁልቁል የምትታየው ከዚህ ነው፤ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

አሁን «ሽለላ»ን ይክፈቱና ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ይውረዱ። ሽለላ የሚያውቅ ሰው የሚሰማውን ነገር ወዲያው ይለያል። ጀግናው ጦር ሜዳ ሊወርድ ሲል ተነስቶ አባቱን፣ አያቱን፣ ጠመንጃውን እየጠራ የሚያወርደው ነው። ምት የለውም፤ የሚለካው በትንፋሽ ነው። ይጎትታል፣ ይሰብራል፣ ድንገት ይሮጣል። ጋሽ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህንን የሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ገለበጡት። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ይነፉት ነበር። በኋላ የሰሟቸው የውጭ ሰዎች በ1960ዎቹ አሜሪካ ከተነሱት የፍሪ ጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቾች፣ በተለይ ከአልበርት አይለር፣ ጋር ያመሳስሏቸዋል። እሳቸው ግን መንገዱን የጀመሩት ከዚያ ቀድመው፣ ከሀገር ቤት ፉከራ ተነስተው ነው።

አደባባዩ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ አለ። ልጆች ካሉ ፎቶ ይፈልጋሉ፤ ያንሷቸው። ከዚያ ሲወርዱ የትግላችን ሐውልትንና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ያልፋሉ። (በዚህ መንገድ ላይ ስንት አንበሳ እንዳለ ልጆቹ ይቁጠሩ፤ የትምህርት ቤቱን ስም ጨምሮ ከገመቱት በላይ ይሆናል።) እዚህ ጋ «ሽለላ» ያልቃል። ደግመው ይክፈቱትና በዚህኛው ዙር ሳክስፎኑን ትተው ከኋላ ያሉትን ብቻ ይስሙ። ምን ያህል ጨዋ እንደሆኑ ያስተውሉ። ጌታው ይፎክራል፤ ባንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን አጣምሮ እንደቆመ አሽከር ይጠብቃል። ያምራል። ግን ማንም አይመልስላቸውም።

ይህን ያስተዋልኩት ከፖስታ ቤት ብዙም ሳይርቅ ካለው ቢሮዬ ወጥቼ በእግሬ ስሄድ ነበር። ወቅቱ ለቤታችን ጥሩ አልነበረም። እናቴ ካረፈች በኋላ ጡረታ የወጣው አባቴ 70 ሊሞላው ሲል እኔንና ወንድሜን ሰብስቦ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመልሶ ንብ ሊያረባ እንደወሰነ ነገረን። በሳምንት አንዴ ደርሶ መልስ አይደለም፤ ሊኖር። እኔ ተቃወምኩ፤ ወንድሜም ተቃወመ። ግፊቱን አነሳን፣ ሐኪም ቤት ያለውን ርቀት አነሳን፣ ብርዱን አነሳን። «አባዬ፣ አሁንማ አርፈህ ልጅ ልጆችህን የምታይበት ጊዜ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። አልተከራከረንም። ዝም አለ። ዝምታው ወራት ቆየ፤ ሬዲዮ እንኳን መክፈት ተወ።

በዚያ ሰሞን ነው መሳቢያው ውስጥ የቀረው ሲዲ ትዝ ብሎኝ አልበሙን ስልኬ ላይ ያገኘሁት። አባቴን ፈልጌ ነበር መሰለኝ፤ ያገኘሁት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከፖስታ ቤት በታች፣ ራስ ሆቴል ጋ ወደ ግራ ይታጠፉ። ብሔራዊ ቴአትር ነው። ከአጠገቡ የንግድ ባንክ ሕንፃ ሰማይ ቢነካም ዓይን የሚይዘው ደጁ ላይ የተቀመጠው የድንጋይ አንበሳ ነው። የፈረንሳዊው ቀራፂ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው፤ ቴአትር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1955 በንጉሡ የዘውድ ኢዮቤልዩ ሲመረቅ የቆመ። በመስመርና በማዕዘን የተቀረፀ፣ ግማሹ አንበሳ ግማሹ ግንብ የሚመስል ነገር ነው። ልጅ ሳለሁ አስቀያሚ ነው ብዬ አምን ነበር፤ አንበሳ እንዲህ አይደለማ! አሁን ከከተማዋ ሐውልቶች ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ጋሽ ጌታቸው ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ይባል በነበረው በዚህ ቤት ኦርኬስትራ የገቡት በዚያው በምረቃው ዓመት ነው። አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ሙዚቀኞችን ኖታ ያስተማሩበት ቤት ነው። በኋላ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛውረው ለረጅም ዓመታት አገለገሉ። የሰው የሥራ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም አይጎድለዋል አይልም፤ ጡረታ፣ ምስጋና፣ አልፎ አልፎ የቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ።

አሁን አንበሳው ጥግ ላይ ተቀመጡና «ሞዓ አንበሳ»ን ይክፈቱ። «ቼ በለው ሽለላ» ከሚለው ይጀምሩ። እየሰሙ ታሪኩን ልንገርዎ።

ጊታር የሚፍቁት ሰዎች ዚ ኤክስ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 አምስተርዳም ውስጥ የተመሠረተ የፓንክ ባንድ ነው። ፓንክ ማለት ለማያውቅ፣ ሦስት ኮርድ፣ ብዙ ንዴትና ለውበት አለመጨነቅ ነው። በ2002 ኢትዮጵያ መጥተው በየከተማው ተጫወቱ። በ2004 ባንዱ 25 ዓመት ሲሞላው በዓሉን አምስተርዳም ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸውን ጋበዙ። እሳቸው ያኔ ወደ 70 እየተጠጉ ነው። እዚያ ከአይሲፒ ኦርኬስትራ፣ ማለትም ያለ ኖታ በቅጽበት ከሚፈጥሩት የሆላንድ ጃዝ ሙዚቀኞች፣ ጋር ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ ነው የሚገርመው። ፓንኮቹን የመረጡት ሽማግሌው ናቸው። ቀጣዩን አልበሜን ከእናንተ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ ብለው የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ይህ ሐሳብ በፕሮፖዛል መልክ ጠረጴዛዬ ላይ ቢመጣ ኖሮ በአንድ መስመር እመልሰው ነበር። ሃምሳ ዓመት የተገነባ ስም አለ፣ የሚናፍቀው ደንበኛ አለ፤ ደንበኛው የሚፈልገው የድሮውን ነው፤ የድሮውን ሽጡለት። እሳቸው ግን ከጊታሮቹ በተጨማሪ ክላሪኔት፣ ትሮምቦንና ሌላ ሳክስፎን ተጨምሮ ሊዋጋቸው የሚችል ነገር ሁሉ ከኋላቸው እንዲቆም ፈቀዱ።

«ሊዋጋቸው» ያልኩት በቀልድ አይደለም። ይስሙ። ሳክስፎኑ ይፎክራል፤ ጊታሩ ዝም አይልም። ይመልሳል። ከበሮ መቺዋ ካተሪና ቦርነፌልድ ጋማሽ እንዳለው ፈረስ ትጋልባለች። እኔ ለዓመታት ጫጫታ ያልኩት ነገር በሠርግና በገና ጨዋታ ላይ የማውቀው ነገር ነበር፤ ፎካሪው ሲነሳ ከዙሪያው የሚነሳው ጩኸት፣ ዱላ ከመሬት የሚመታው፣ «ያዘው! በለው!» የሚለው ግርግር። ፉከራ በጸጥታ አይሰማም። ጋሽ ጌታቸው ጨዋ ባንድ ፊት ለግማሽ ክፍለ ዘመን ብቻቸውን ሲፎክሩ ቆይተው በመጨረሻ ባላጋራ አገኙ።

ይህ ሲገባኝ አንበሳው ጥግ ላይ ነበርኩ። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ የምሳ ሰዓቴ አልቋል። ተነስቼ ወደ ቢሮ መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም።

አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጊዜ ለመስማት አይሞክሩ፤ እኔ በሦስት ቀን ከፍዬ ነው የለመድኩት። ከዋልያስ ባንድ የምናውቀው «ሙዚቃዊ ስልት» ውስጡ አለና ጆሮዎ ሲደክም እሱን ያርፉበት፤ ዜማውን ስለሚያውቁት ጊታሮቹ የት እንደሚያምፁ በቀላሉ ይለያሉ። ሁሉም ተሳክቷል አልልም። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ግርግሩ ሳክስፎኑን ይውጠዋል፤ እዚያ ጋ አሁንም አልፋለሁ። በ2012 የወጣውን «የአንበሳው ትዝታ» ግን ለመጨረሻ ያቆዩት። በስተመጨረሻ የሠሩት አልበም ነው፤ ጎልማሳው ፎካሪ ትንፋሹን ሲቆጥብ ይሰማል፤ ባንዱም ሲጠብቃቸው ይሰማል። በመሃሉ ባሉት ዓመታት አውሮፓን ዞረዋል፤ በ2008 ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ከነማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴ ጋር በአንድ ምሽት ተጫውተዋል፤ የውዝዋዜው መላኩ በላይም አብሯቸው ተጉዟል። ያረፉት በመጋቢት 2008 ዓ.ም በ81 ዓመታቸው ነው።

አሁን ወደ ለገሃር እንውረድ። የጣቢያው ፊት ለፊት ሁለተኛው አንበሳ አለ። ይኼኛው ዘውድ የጫነ፣ የወርቅ ቀለም ያለው፣ ልጅ ሳሉ እንደሚያውቁት አንበሳ ያለ ሞዓ አንበሳ ነው። በ1930 (እ.ኤ.አ.) ለዘውድ በዓሉ ቆመ፤ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ በ1960ዎቹ ተመለሰ። ዙሪያው ዛሬ ክሬንና አዲስ ሕንፃ ነው። ከጣቢያው ባቡር ባይነሳም ሰው ሁሉ የሚነሳ ይመስላል። ማኪያቶ ይዘዙ፤ ጉዞው እዚህ ያበቃል።

አንድ ቅዳሜ አባቴን ይዤው ሄድኩ። ምክንያቱን አልነገርኩትም፤ «እንንሸራሸር» ብቻ አልኩት። አንበሳው ጥግ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ሰጠሁት፤ ሌላውን እኔ አደረግሁ። «ቼ በለው»ን ከፈትኩ። ፊቱ ተቋጠረ፤ ያወጣዋል ብዬ ጠበቅሁ። አላወጣውም። መሃል ላይ ስትደርስ እግሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሲያልቅ ለጥቂት ጊዜ ድንጋዩን አንበሳ እያየ ቆየ።

«ያኔ ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ።

«አልበሙ ሲወጣ ሰባ አንድ።»

«ከበሮውን የምትመታው ሴት ናት አልሽኝ?»

«አዎ።»

«ጎበዝ ናት። ድገሚው።»

ደገምኩለት። ከዚያ ቁልቁል እስከ ለገሃር ምንም ሳንነጋገር ወረድን። ቡናው እስኪመጣ ስኳሩን እያገላበጠ ቆየና፣ «ዘመናዊ ቀፎ አሁን ስንት ይገባ ይሆን?» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ለወንድሜ ደወልኩ።