ለውዙን ለውዝ በሉት

«ለውዝ» የሚለው ቃል ታሪኩ ያስቃል። ለዐረቡ ለውዝ ማለት ከዛፍ ላይ የሚለቀም፣ ዛሬ በሱፐርማርኬቶቻችን «አልሞንድ» እየተባለ በትንንሽ ላስቲክ የሚሸጠው ፍሬ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የአሮን በትር አፈራችው የተባለው ለውዝም ይኸው የዛፉ ፍሬ ነው። እኛ ግን ስሙን ተቀብለን ፍሬውን አጣነው። ስም ያለ ባለቤት አይቀመጥምና፣ ከመሬት ተቆፍሮ ለሚወጣው ለኦቾሎኒ ሰጠነው። ልጅ ሳለሁ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ስለ አሮን በትር ሲነግሩን፣ ደረቅ ዱላ ላይ የባቢሌ ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ተንጠልጥሎ ይታየኝ ነበር። ተአምሩም በዚያው ልክ ይበልጥብኝ ነበር።

ወደዚህ የቃላት ጨዋታ ያስገባኝ ባቅላባ ነው። ባቅላባን የማያውቅ የአዳማ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። በረመዳን ከሙሸበክና ከሳምቡሳ ጎን በየመንገዱ ይደረደራል፤ በኬክ ቤት መስታወት ውስጥ ከሚልፎሊ አጠገብ ይቀመጣል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማውቀው በእናቴ ትሪ ላይ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ እኔንና ሁለት ወንድሞቼን ያሳደገን፣ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬንም የከፈለልኝ ይህ ትሪ ስለሆነ፣ ስለ ባቅላባ ስጽፍ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አንባቢን አላታልልም።

እናቴ የአርሲ ሰው ናት። አዳማ ገና ናዝሬት እየተባለች ስትጠራ ነው የመጣችው። የምንኖረው በጋራ ግቢ ነበር፤ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ስድስት አባወራ። ፊት ለፊታችን ከሐረር የመጡ ሙስሊም ጎረቤታችን ነበሩ። እኛ ልጆቹ «እማማ» ነበር የምንላቸው። ባቅላባን ለእናቴ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ትምህርቱ ግን «ተቀመጪና ላስተምርሽ» ተብሎ የተጀመረ አልነበረም። ለቅሶ ቤቱ ተበትኖ እናቴ ሥራ ፈትታ በተቀመጠችበት ሰሞን፣ እማማ አንድ ቀን የሊጥ መዳመጫቸውን ይዘው ገቡና «እጄን አሞኛል፤ ዛሬ አንቺ ዳምጪልኝ» አሏት። እጃቸውን እንዳላመማቸው እናቴ የገባት ከዓመታት በኋላ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ለአንድ መካከለኛ ትሪ ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ ጨው ቆንጠር ተደርጎበት፣ በትንሽ ዘይትና በለብ ያለ ውሃ ጠንከር ተደርጎ ይቦካል። እርሾ የለውም። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ አንድ ሰዓት ያህል ይተኛል። ያልተኛ ሊጥ ቢዳመጥ እንደ ላስቲክ ይሸሻል፤ ያረፈ ሊጥ ግን ይታዘዛል። ቀጥሎ ሎሚ ሎሚ በሚያክል መጠን ይድቦለቦልና እያንዳንዱ በመጠኑ ይዘረጋል። አምስቱ በዘይትና በዱቄት እየተለያዩ ይደራረቡና፣ አንድ ላይ እንደገና እስኪሳሱ ይዳመጣሉ። ይህ ክምር ምጣድ ላይ ለአፍታ ለብ ይደረጋል። ወዲያው ትኩሱን በጣት ጫፍ እየላጡ መለያየት ነው፤ አምስት ስስ ቅጠል ይወጣዋል። የሳምቡሳ ሊጥ የምታዘጋጅ ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች። ቱርኮች በረጅም ቀጭን እንጨት ብርሃን እስኪያሳልፍ የሚያሳሱትን ሊጥ፣ የእኛ ሴቶች በምጣድ ብልሃት ደረሱበት።

የአዳማ ነፋስ ለዚህ ሥራ ጠላት ነው። ከከተማው ጀርባ ባሉት ኮረብቶች ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚያሽከረክረው ነፋስ፣ የእናቴን የሊጥ ቅጠል በአምስት ደቂቃ እንደ ደረቅ ጋዜጣ ያንኮሻኩሸዋል። ስለዚህ መስኮት ይዘጋል፣ እርጥብ ጨርቅ ይለብሳል፣ በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው ይሰደባል።

ለውዙ ግማሽ ኪሎ ነው። ተቆልቶ፣ ታሽቶ፣ ገለባው በሰፌድ ተነፍቶ፣ አንድ በአንድ ይለቀማል። የጠቆረ፣ የጨማደደ፣ ሻጋታ የነካው ፍሬ ይጣላል። ይህን እናቴ የምታደርገው «አንዱ መራራ ትሪውን ያበላሻል» ብላ ነው። ሳይንሱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ምክንያት አለው፤ በሻጋታ የተመታ ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይይዛል፤ እሳትም ጨርሶ አያጠፋውም። ከለቀማው በኋላ በሙቀጫ ይከካል፤ ይከካል እንጂ አይደቅም፤ ከደቀቀ ዘይቱን ያወጣል። ከዚያ ትንሽ ስኳር፣ ሄልና ቀረፋ ይገባበታል።

ከዚያ መደርደር ነው። ቅጠሉ በተነጠፈ ቁጥር ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ ይቀባል። የባቅላባ ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስቡ ቅጠሎቹ እንዳይጣበቁ ይከለክላል፣ ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ በእሳቱ እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ እያንዳንዱን ቅጠል ከጎረቤቱ ያነሣዋል። መሐሉ ላይ ለውዙ ይነሰነስና ሌላው ቅጠል ይደረብበታል። ወደ እሳት ከመግባቱ በፊት በቢላ ሰያፍ ሰያፍ ይቆረጣል፤ ከበሰለ በኋላ የቆረጠ ሰው የሚያገኘው ፍርፋሪ ነው። በልጅነቴ ኦቨን አልነበረንም። ትሪው በትልቅ ብረት ድስት ውስጥ ገብቶ፣ ከሥር ከሰል፣ ከክዳኑ ላይ ፍም ተደርጎ፣ እንደ ዳቦው ከላይም ከታችም እሳት እየበላው ይበስል ነበር። ሽሮፑ ሁለት ብርጭቆ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይፈላል፤ እንዳይረጋ ሎሚ ይጨመቅበታል። የሚፈሰውም ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ትሪው ገና ከእሳት እንደወጣ ነው። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ቅጠሉ ይላሽቃል፤ ሁለቱም ከቀዘቀዙ ሽሮፑ ላይ ላዩን ይቀራል። ጭስስ! የሚለው ድምፅ ሲሰማ፣ በግቢው ያለ ልጅ ሁሉ ደጃችን ላይ ነበር።

እናቴ ትሪውን ይዛ ወደ ባቡር ጣቢያ ትሄድ ነበር። የድሬዳዋው ባቡር ሲቆም፣ በመስኮት የሚዘረጋው እጅ ብዙ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ትሪ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ራሱ መንገደኛ ነው። ዱቄቱ ከአርሲ ስንዴ፣ እናቴ ከመጣችበት አገር። ለውዙ ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከባቢሌ፣ እማማ ከመጡበት አገር። ስኳሩ ከአፍንጫችን ሥር፣ ከወንጂ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር የተከሉት ከኢንዶኔዥያ የመጡ የኔዘርላንድ ሰዎች ነበሩ። አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ዛሬ ቆመዋል፤ በአዲስ ተተክተዋል። የሚገርመው ግን፣ የሸንኮራው ሽታ በነፋስ እየመጣ ያደግን ልጆች፣ ስኳር ለመግዛት በሸማቾች ሱቅ ደጃፍ ተሰልፈን ማደጋችን ነው። አሮጌው ባቡር ከመንገድ ከቀረ በኋላ በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ ተመረቀ። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ መስኮቱም ለትሪ አይከፈትም። ስለዚህ የእናቴ ደንበኞች ባቡሩ ሄዶ ካፌዎችና የሰርግ ቤቶች ሆኑ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የካፌ ባለቤት ቤታችን መጣ። ስሙ ይቅርብን። ትሕትና ያለው ሰው ነው፤ የእናቴን ባቅላባ ቀመሰና አመሰገነ። በሳምንት ስድስት ትሪ እንደሚወስድ፣ ዋጋውም ከለመድነው በላይ እንደሚሆን ነገረን። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«እማማ፣ ለውዙን ትንሽ ያድቅቁትና አረንጓዴ የምግብ ቀለም ጠብ ያድርጉበት። ፒስታሽዮ ነው ብለን ነው የምንሸጠው። ሰው አሁን የሚፈልገው እውነተኛውን ባቅላባ ነው።»

ስድስት ትሪ በሳምንት ማለት ለቤታችን ምን ማለት እንደሆነ አልዘረዝርም። የቤት ኪራይ የሚከፍል ያውቀዋል። እናቴ ቡናውን ቀድታለት ተቀመጠችና፣ «ልጄ፣ እኔ የምሸጠው ለውዝ ነው። ለውዝ ብለህ ከሸጥክልኝ ዛሬውኑ እጀምራለሁ» አለችው። ሰውየው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቡናውን ጨርሶ ሄደ።

በዚያ ምሽት የተከራከርኳት እኔ ነበርኩ። «ማንን ይጎዳል? ቀለም ነው» አልኳት። መልሷ አጭር ነበር፦ «የሚበላው ሰው ምን እንደሚበላ ማወቅ አለበት።» እናቴ አለርጂ የሚባለውን ነገር በስሙ አታውቀውም፤ ግን ኦቾሎኒ ጉሮሮውን የሚዘጋበት ሰው በዓለም ላይ ብዙ ነው። ያ ሰው አረንጓዴውን አይቶ፣ ፒስታሽዮ መስሎት፣ አምኖ ይጎርሰዋል። የእሷ አነጋገር የሐኪም አልነበረም፤ ሐኪም ከሚለው ግን አልራቀም።

እኔን የከነከነኝ ሌላው ነገር «እውነተኛው ባቅላባ» የሚለው ቃል ነበር። እውነተኛው የቱ ነው? በኦቶማኖች ዘመን በኢስታንቡል፣ ረመዳን በተጋመሰ በ15ኛው ቀን፣ ከቤተ መንግሥቱ ማዕድ ቤት ለጃኒሳሪ ወታደሮች ባቅላባ በሰልፍ ይታደል ነበር፤ ለዐሥር ወታደር አንድ ትሪ። በደቡብ ቱርክ ያለችው ጋዚአንቴፕ በፒስታሽዮ የምትሠራው ባቅላባ እ.ኤ.አ. በ2013 በአውሮፓ ኅብረት የስም ጥበቃ አግኝታለች። ፒስታሽዮው እዚያው አካባቢዋ ይበቅላላ! ግሪኮች ግን ዎልነት ነው የሚያደርጉበት፤ የኢራኖቹ የያዝድ ሰዎች ደግሞ የዛፉን ለውዝ ከሄል ጋር። ሁሉም ባቅላባ ይለዋል፤ ሁሉም ደጁ ያበቀለለትን ጨምሮበታል። የሐረርና የአዳማ ሴቶች የባቢሌን ለውዝ ሲከቱበት የሠሩት ሌሎቹ የሠሩትን ነው። ምትክ ነውር አይደለም። ነውሩ ምትክን ደብቆ በሌላ ስም መሸጥ ነው። ባቢሌም ብትሆን ለውዙን ከጥንት አልፈጠረችውም፤ ዘሩ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ፣ በፖርቱጋሎች መርከብ ወደ አፍሪካ የተሻገረ ነው። ንጹሕ የሆነ፣ ከቦታው ያልተነቃነቀ ምግብ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጾም ይጠብቀዋል።

ጾም ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ላንሣ። በ2015 ዓ.ም. ረመዳን የገባው በዐቢይ ጾም መካከል ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ኢድ ሚያዝያ 13 ዋለ። ያን ጊዜ የጋራ ግቢያችን ፈርሶ፣ እማማ ከተማው ሌላ ጫፍ ልጃቸው ጋ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ሁለቱ ሴቶች በሳምንት አንድ ቀን ቢገናኙ ነው። በእነዚያ ሳምንታት እናቴ ቅቤውን ትታ በዘይት ብቻ ትሠራ ነበር። ያንኑ ትሪ ለሁለት ትከፍለዋለች። ግማሹን እኛ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ከቅዳሴ መልስ እንቀምሰዋለን፤ ግማሹን እኔ በባጃጅ አድርሼ እማማ በማግሪብ አዛን ከቴምሩ ቀጥለው ይቀምሱታል። በትሪው ውስጥ ለአንዳቸው የሚከለከል ነገር አልነበረም። እማማ ባዶውን ሳሕን ባዶ አድርገው መልሰውት አያውቁም፤ አንድ ቀን ሙሸበክ፣ አንድ ቀን ቴምር፣ ሲያጡም ስኳር። ደረጃው ለጉልበታቸው ከበዳቸው እንጂ፣ «የዛሬው ሄሉ አንሷል» ብለው መላካቸውን አልተዉም።

ሰዎች እነዚህን ነገሮች «መቻቻል» ይሉታል። እኔ ቃሉን አልወደውም፤ መቻል የሚያስፈልገው ሸክም ሲኖር ነው። በሁለቱ ሴቶች መካከል የነበረው ሄሉ በዛ፣ ሄሉ አነሰ የሚል ክርክር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የፈጀ ክርክር።

የካፌው ባለቤት አልተመለሰም። የሚፈልገውን ሌላ ቦታ አግኝቶ ይሆናል። ሁለት ወር ያህል እጅ አጠረን። ኋላ ግን አንድ የሰርግ ቤት፣ ከዚያም አንድ ቢሮ ውስጥ ሻይ የምታፈላ ሴት፣ ትሪ ትሪ ማዘዝ ጀመሩ። ስድስት አይሞላም፤ ሦስት አንዳንዴም አራት ይሆናል።

የእናቴ አንጓ አሁን በእውነት ያማታል። ስለዚህ መዳመጫውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እሷ ወንበር ላይ ሆና ትቆጣለች። ለአንድ መጣጥፍ ከሚከፈለኝ የአንድ ትሪ ትርፍ እንደሚበልጥ ለአዘጋጁ ብነግረው ይከፋዋል፤ ይወቀው ግን። ለእያንዳንዱ ካርቶን ወረቀት የምጽፍበትም እኔ ነኝ፤ ዲፕሎማዬ ለዚህም ጠቅሞኛል። ጽሑፉ አጭር ነው፦ «ባቅላባ። የባቢሌ ለውዝ፣ የአርሲ ዱቄት፣ የወንጂ ስኳር። በዘይት የተሠራ፤ ለጾም ይሆናል።»