ቲማቲሙ ከማሳ ደህና ወጥቶ ደንበኛ ጋ ሲደርስ ለምን ይፈሳል?

ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ፀረ ተባይ ብዙ አውርተናል። ዛሬ ብዙዎቻችን እንደ ቁም ነገር የማንቆጥረውን ላንሳ፤ ምርታችንን ለደንበኛ ስንልክ በምን አድርገን እንላክ የሚለውን።

እኔ የምሠራው ፎገራ ነው። እዚህ በበጋ ከርብና ከጉማራ ወንዝ በሞተር ውኃ እየሳበ ቲማቲምና ሽንኩርት የማያለማ የለም ማለት ይቻላል። ሲሸጥ ደግሞ ነገሩ የታወቀ ነው። ነጋዴው ወይ ደላላው የራሱን የእንጨት ሣጥን ይዞ ይመጣል፣ ቆልሎ ይሞላል፣ በሣጥን ቆጥሮ ይከፍላል። መንገድ ላይ የሚፈሰው የእሱ ኪሳራ ይመስለናል። አይደለም። እሱ እኮ ስንት እንደሚፈስበት ያውቃል፤ ዋጋ ሲቆርጥ ቀድሞ ቀንሶ ነው የሚቆርጠው። የበሰበሰውን የምንከፍለው እኛው ነን፣ ዓይናችን ስለማያየው ነው እንጂ።

ባለፈው በጋ በቀበሌያችን የተደራጁ ወጣቶች ባህር ዳር ላሉ ምግብ ቤቶችና አትክልት ቤቶች በስልክ ትእዛዝ እየተቀበሉ በቀጥታ መላክ ጀመሩ። ከወረታ ባህር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት ነው፣ ምን ይሆናል ብለው በዚያው በተለመደው ትልቅ የእንጨት ሣጥን ላኩ። በሁለተኛው ጭነት አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ደወሉ። ልጆቹ ስልኩን ላውድ አድርገው አሰሙኝ። «ልጆቼ፣ እኔ ያዘዝኳችሁ ቲማቲም ነው፤ ድልህ አይደለም» አሉ። ሳቅን፣ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እኚያን ደንበኛ ካጡ ተመልሰው ደላላው እጅ ነው የሚገቡት።

ቀጣዩን ጭነት አብሬ ሄጄ ሲራገፍ አየሁ። ከላይ ያለው ቲማቲም ያምራል። ወደ ታች ሲወረድ ግን መጀመሪያ የተሰነጠቀ፣ ከዚያ የተጨፈለቀ፣ መጨረሻ ላይ ውኃው በጣውላው ስንጥቅ የሚንጠባጠብ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሣጥኑ ጥልቅ ስለሆነ የላይኛው የታችኛውን ይጫነዋል። ጣውላው ስላልተላገ ይቧጭራል፣ የምስማሩ ጫፍ ይወጋል። ተቆልሎ ስለሚሞላ ደግሞ ከላዩ የሚደረበው ሣጥን የሚያርፈው እንጨቱ ላይ ሳይሆን ቲማቲሙ ላይ ነው። መኪናው በነጠረ ቁጥር አንድ ዱላ ማለት ነው።

ስለዚህ የፕላስቲክ ሣጥን ይሻላል ስል አንድ አባት ተቆጡኝ። «አንተ ልጅ፣ ሰው ሣጥን አይበላም። እኔ የምሸጠው ቲማቲም ነው፤ ገንዘቤን ፕላስቲክ ላይ ለምን አፈሳለሁ?» አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እናስላው። አንድ የእንጨት ሣጥን 50 ኪሎ ይይዛል፣ ኪሎው 30 ብር ነው እንበል። 8 ኪሎው ከተጨፈለቀ በአንድ ጉዞ፣ በአንድ ሣጥን ብቻ 240 ብር ሄደ። የፕላስቲክ ሣጥን ደግሞ በጥንቃቄ ከያዙት ለብዙ ጉዞ ያገለግላል፤ በበረኪና ይታጠባል፣ የበሰበሰ ፍሬ እንደ እንጨት ውስጡ ሰርጎ ለሚቀጥለው ጭነት ሻጋታ አያቆይም። ዋጋውን ከገበያ ጠይቁና በስንት ጉዞ ገንዘቡን እንደሚመልስ በራሳችሁ የፍሳሽ ልክ አስሉት። ለአንድ ሰው ይከብዳል፣ ለአምስትና ለስድስት ሰው ግን ይቻላል።

አሞላሉን ካላስተካከልን ግን ፕላስቲኩም አያድንም። ከሣጥኑ አፍ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉ። ያኔ የላይኛው ሣጥን ክብደት በሣጥኖቹ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ቆልሉ የሚል ገዢ ካለ በኪሎ ይግዛ በሉት። ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ልቀሙ፤ እርጥብ ቲማቲም ቶሎ ይበሰብሳል። የፍሬውን እንጨት ነቅላችሁ ጣሉት፣ ጎረቤቱን የሚወጋው እሱ ነው። ለሩቅ መንገድ፣ ለምሳሌ ለአዲስ አበባ፣ ጫፉ ገና መቅላት የጀመረውን ለዩ። ለባህር ዳር ግማሹ የቀላ ይሁን። በደንብ የቀላውን ከጥሬው ጋር አትቀላቅሉ፤ የበሰለ ቲማቲም ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ሌላውንም ቶሎ ያበስለዋል። የእንጨት ሣጥን እንጂ ሌላ ከሌላችሁ ጥልቀቱን አሳጥሩት፣ የምስማሩን ጫፍ ቀጥቅጡት፣ ውስጡን በንጹሕ ካርቶን አልብሱት። ከምንም ይሻላል።

ሽንኩርት ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አየሁ። አንድ ጎበዝ አርሶ አደር የተለቀመ ሽንኩርት በፒክስ ከረጢት አስሮ አስቀመጠ፣ ደንበኛው እስኪመጣ። ሲከፈት ሽታው አያስቀርብም። «በቆሎዬን ከነቀዝ ያዳነ ሽንኩርቴን ምን ይለዋል ብዬ ነው» አለኝ። አስተሳሰቡ የሞኝ አይደለም። ፒክስ ከውጭ ማዳበሪያው፣ ከውስጥ ሁለት ላስቲክ አለው፣ አየር አያስገባም፤ ነቀዙ የሚሞተው አየር አጥቶ ነው። በደንብ ለደረቀ እህል ይህን የሚያህል የለም። ሽንኩርትና ቲማቲም ግን ከተለቀሙም በኋላ ሕይወት አላቸው፤ ይተነፍሳሉ፣ ያልባቸዋል። አፋቸውን ስታፍኑት በገዛ ላባቸው ይበሰብሳሉ። ለሽንኩርት አንገቱ እስኪደርቅ በጥላ ማቆየት፣ ከዚያ በመረብ ከረጢት መላክ ነው። መረብ ከጠፋ ላስቲክ የሌለበት ማዳበሪያ ለአጭር መንገድ ይሆናል። ኬሚካል ወይም ዩሪያ የነበረበትን ግን ለምግብ አትጠቀሙ፣ አደራ!

አሁን ልጆቹ በፕላስቲክ ሣጥን ይልካሉ። እኚያ ባለቤትም አልቀሩባቸውም። ያስቸገረው የባዶው መመለስ ነው። ሣጥኖቹን በቀለም ምልክት አድርገውባቸዋል። ከደንበኞቹ ጋርም እንደ ለስላሳ ሣጥን ተስማምተዋል፤ ባዶ የሚመልስ ሙሉ ይወስዳል፣ የማይመልስ የሣጥኑን ዋጋ ያስይዛል። አንድ አትክልት ቤት አልስማማም ብሏል፤ ለእሱ ሲያደርሱ እዚያው በር ላይ ገልብጠው ሣጥናቸውን ይዘው ይመለሳሉ፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። ሌላው ሾፌሩ ነው፤ ለባዶውም ክፈሉ ይላል። ገና ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ባዶ ሲሆን አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት ፈልጉ፣ ቦታ አይፈጅም። የእኛዎቹ የገዙት የማይገባውን ስለሆነ ከሾፌሩ ጋር ጭቅጭቁ እስካሁን አላለቀም።