የአባባ ዓይንና የወይራዋ እንጨት

«የአባባ ቀኝ ዓይን የጠፋው ከጣልያን ጋር ሲዋጉ ነው።» ቤታችን ውስጥ እንዲህ ነው የሚባለው። አጎቴ በተዝካራቸው ቀን ሳይቀር ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ተናግሮታል። እኔም አምኜ ነው ያደግኩት። ስንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ይቺን ቀላል ቅነሳ ሠርቻት አላውቅም፦ አባባ የተወለዱት በ1920 ነው፣ ጣልያን የገባው በ1928። ስምንት ዓመት!

ባለፈው ክረምት መካነ ሰላም ያለው ቤታችን ጣሪያው አፈሰሰና የእምዬን ሳጥን ላዛውር ብዬ ከፈትኩት። ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለች፣ ስንዝር የማትሞላ የወይራ እንጨት አገኘሁ። መሐሏ ተቦርቡሯል፤ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ነው። በላይ በኩል የምትገባ ዘንግ አለቻት፤ የዘንጓ አናት ወፍራም ስለሆነ ከተወሰነ ቦታ አታልፍም። የመድኃኒት መውቀጫ መሰለችኝ። አጠገቧ ሁለት ያረጁ የውጅግራ ቀለሃዎች ነበሩ። አንዱን በታች በኩል ብሞክረው ልክክ አለ።

እናላችሁ፣ ነገሩን ሳጠያይቅና ሳነብ ከረምኩ። ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው፤ «ፉዚ ግራ» የሚሉትን የኛ ሰው ነው ውጅግራ ያደረገው። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ለበን ዞሩ። የሚገርመው የለበንን ጥይት ያወጡት ያንኑ የውጅግራ ቀለሃ አፉን ወደ 8 ሚሊ ሜትር አጥብበው ነው። እኛ ጋ ግን ጠመንጃው ቀረ፣ ጥይቱ ጠፋ። ስለዚህ ሰው የተተኮሰውን ቀለሃ እየለቀመ፣ እርሳሱን ባለእጅ ዘንድ እያስቀረጸ መልሶ ይሞላል።

እዚህ ላይ ነው የወይራዋ ሥራ። እርሳሱ ቀለሃው አፍ ላይ ቀጥ ብሎ፣ በልኩ ጠልቆ መቀመጥ አለበት። ከተጣመመ አፈሙዙ ውስጥ ጎብጦ ይገባል። ከጥቁር ባሩዱ ርቆ ባዶ ቦታ ከተወ ደግሞ ብረቱን እስከ ማሳበጥ ይደርሳል። ዘንጓን መታ መታ ስታደርግ እርሳሱን ትገፋና አናቷ ይይዛታል፤ ሁልጊዜ እኩል። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካ የማያወጣው ጥይት ያለው ሰው (ፈረንጆቹ እንዲህ ያለ ቤት ሠራሽ ጥይት «የዱር ድመት» ይሉታል) በራሱ ጠመንጃ የተተኮሱ ቀለሃዎች ልኮ መሣሪያዋን በልኩ ያሠራል። አባባም ቀለሃቸውን ይዘው ባለእጁ ዘንድ ሄዱ። ያው ነው።

እንጨቷን ይዤ እምዬ ጋ ሄድኩ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

ዝም አለች። ቆይታ «አምጣት» አለችኝና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት።

«ጎረቤት ተውሷት ነበር። ዝንጀሮው ገብሱን ፈጀው። ቢያስልክ ሰውየው ገበያ ሄዷል አሉ። አያትህ ደግሞ መች ይታገሣል! እርሳሱን በጁ ጠቅጥቆ ሮጠ። ቀለሃው በኋላ በኩል ፈነዳበት።»

«ጎረቤትየውስ?»

«በማግስቱ ይዟት መጣ። አያትህ ፊቱ ታስሮ ተኝቷል። ሰውየው ደጅ ቆሞ አለቀሰ። አያትህ ‹የኔ ጥፋት ነው› አለው እንጂ ክፉ አልተናገረውም። ከዚያ ወዲህ ግን አልነካትም። ‹ጣያት› ብሎኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት።»

«ታዲያ ጣልያን ከየት መጣ?»

«አጎትህ ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት አወራው። አያትህም ሰምቶ ሳቀ እንጂ አልካደም። ምን ይበል፣ ዝንጀሮ ነው ይበል?»

ጠመንጃውማ በደርግ ጊዜ ተሰብስቦ ሄዷል። አጎቴ ይህን ሲያነብ እንደሚደውልልኝ አውቃለሁ። ጋሼ፣ መጀመሪያ እምዬን ጠይቃት፣ ከዚያ ተቆጣኝ።

ፎቶ የታል ለምትሉ፣ ላነሳት ስል እምዬ ከእጄ ወስዳ መልሳ ጠቀለለቻት።