ተጓዥ ቤት፦ ከቧንቧ ውሃ ወደ አፋር ቆላ

«ቤት» የሚለው ቃል በደጋው ሰው አእምሮ ውስጥ ከመሠረት፣ ከግድግዳና ከአጥር ጋር የተያያዘ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው መንገድ ግን ለዚህ ቃል ሌላ ፍቺ ይሰጠዋል። በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ተጓዥ ቤቶች ይተላለፋሉ፤ አንዱ የከባድ መኪና ጋቢና ሲሆን ሌላው በግመል ጀርባ የሚጫነው የአፋር ደቦይታ ነው።

የደሴው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተወላጅ የሆኑ አንድ አንጋፋ ሾፌር የመጀመሪያውን ዓይነት ቤት ጠንቅቀው ያውቁታል። በወጣትነታቸው በረዳትነት እስከ አሰብ ተመላልሰዋል፤ ዛሬ የሚያሽከረክሩት ወደ ጅቡቲ ነው። በዓመት ውስጥ ከገዛ አልጋቸው ይልቅ በጋቢና ያደሩበት ሌሊት ይበልጣል። ልጆቻቸው ያደጉት የአባታቸውን መምጣት እንደ እንግዳ መምጣት እየቆጠሩ ነው።

በታኅሣሥና በጥር ጉዞው ከሌሎቹ ወራት ይቀላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ንጋቱ ውርጭ ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ሚሌ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሾፌሩ ጎሕ ሳይቀድ ጋቢ ተከናንበው ይነሣሉ፤ ከባቲ በታች ጋቢው ታጥፎ ሽርጥ ይታጠቃሉ። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ በጋቢና ውስጥ መተኛት አይታሰብም፤ ሰሌን ተሳቢው ሥር ይነጠፋል። በጋ ሲሆን ግን ጋቢናው መኝታ ቤት፣ ጓዳና ሳሎን ይሆናል። ከወንበሩ ጀርባ ፍራሽ፣ ከእግር ሥር ቡታጋዝና ጀበና፣ ከጎን ቢጫ ጀሪካን አለ።

ይህ ኑሮ ከመንገዱ ጋር አብሮ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። አሰብን ከኮምቦልቻና ከደሴ ጋር ያገናኘውን የመኪና መንገድ የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ በወረራቸው ዘመን። ያኔ ወደ አገሪቱ የገቡት፣ በኋላም «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባሉ የታወሱት ፊያት 634 መኪኖች፣ ጋቢናቸው ውስጥ አልጋ ከተዘጋጀላቸው ቀደምት የጭነት መኪኖች መካከል ነበሩ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር የአሰብ መስመር ተዘጋ፤ ጭነቱም በሚሌ፣ በሎጊያና በሠመራ አልፎ ወደ ጋላፊና ጅቡቲ ዞረ። የመድረሻው ወደብ ሲለወጥ የጋቢናው ኑሮ እንደ ነበረ ቀጠለ።

ሁለተኛው ቤት ከመኪናው እጅግ ይቀድማል። ደቦይታ የሚሠራው ጎብጠው ከሚተከሉ ቀጫጭን እንጨቶችና በላያቸው ከሚለበጥ ሰሌን ነው። የሚተክሉትም የሚነቅሉትም ሴቶች ናቸው፤ ቤቱ ተፈታትቶ በግመል ይጫናል። መቼ እንደሚነሣና የት እንደሚያርፍ የሚወስነው የግጦሹና የውሃው ሁኔታ ነው።

በሌላው ዓለም ለደስታ የሚደረግ ተመሳሳይ ጉዞ አለ። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በርካታ ጡረተኞች የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው በመኖሪያ መኪና ወደ በረሃ ይወርዳሉ። የእነርሱ መኪና የንጹሕ ውሃ ጋን፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያና መጸዳጃ የተገጠመለት ነው፤ ጋኑ የሚሞላበት፣ ፍሳሹም የሚወገድበት ማረፊያ በየቦታው ተሰናድቷል። ስለዚህ ለብቻው የሚጓዝ የሚመስለው ቤት በቆሙ ነገሮች ላይ የተደገፈ ነው።

የደቦይታው ድጋፍ የውሃ ጉድጓዱና የጎሣው ስምምነት ነው፤ የጋቢናውስ? ሾፌሩ ከቧንቧ ውሃ ሲነሡ ሁለት ጀሪካን ይሞላሉ። ከሚሌ በኋላ ያ ውሃ ለመጠጥ፣ ለሻይና ለመታጠብ ይከፋፈላል፤ ለራዲያተር የሚሆነው ለብቻው ይቀመጣል። በመንገድ ዳር ዳስ ቀልሳ ሻይ የምታፈላ ሴት ውሃ ልትሸጥላቸው ወይም ልትለግሳቸው ትችላለች። መጸዳጃቸው ሜዳው ነው። ሲታመሙ ደግሞ ተረኛ ሐኪማቸው ከኋላ የሚመጣው ባልደረባቸው ነው።

የሚያስደንቀው፣ ውሃው ራሱ በዚያው አቅጣጫ መውረዱ ነው። ቦርከና በኮምቦልቻ በኩል፣ ሚሌም ከደቡብ ወሎ ደጋ ተነሥተው አዋሽን ይቀላቀላሉ፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ደጋውና ቆላው በአንድ ተፋሰስ የተሳሰሩ ሆነው ሳለ፣ በመካከላቸው የሚመላለሰው ሰው ውሃውን በጀሪካን ተሸክሞ ይወርዳል።

የመንገዱ ጥናት ዘወትር በቶንና በኪሎ ሜትር ይለካል። ጋቢናው የሥራ ቦታ ብቻ ሳይሆን መኖሪያም ነው ከተባለ ግን መለኪያው ይሰፋል፦ በስንት ኪሎ ሜትር ርቀት ንጹሕ ውሃ ይገኛል? ሾፌሩና ረዳቱ ያለ ስጋት የሚያድሩት የት ነው? በዓመት ስንት ሌሊት ከቤተሰባቸው ጋር ያድራሉ? ለመጨረሻው ጥያቄ የሾፌሩ ባለቤት መልስ አላቸው፤ የሚመለሱበትን ቀን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ ያከብቡታል።