ሃያ ሊትር

አስረኛ ክፍል እያለሁ የተሳሳትኩት አንድ የፊዚክስ ጥያቄ እስካሁን አይረሳኝም። 3 ኩሎምብ ቻርጅ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ለመውሰድ 12 ጁል ሥራ ቢሠራ፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው የፖቴንሻል ልዩነት ስንት ነው? ፎርሙላውን እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ሥራ ሲካፈል ለቻርጅ። ፈተናው ላይ ግን አባዛሁና 36 ቮልት ብዬ ቁጭ። መልሱ 4 ነው ሲሉኝም «እሺ» አልኩ እንጂ ለምን እንደሚካፈል አልገባኝም።

ያን ሰሞን ውሃ እኛ ጋ አይወጣም ነበር። ቤታችን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እማዬ ከሥራ ስትመለስ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ትቀዳለች። እኔ «ጥናት አለብኝ» እያልኩ ባለ 5ቷን ይዤ እከተላታለሁ።

አንድ ማታ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጀሪካኑን እንዳንጠለጠለች ቆመች። ከኋላዋ ሆኜ ማስላት ጀመርኩ። እስከ ቤታችን ያለው ከፍታ 12 ሜትር ቢሆን፣ የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት 1 ኪሎ፣ የመሬት ስበት ደግሞ ወደ 10 ነው። የእሷን ውሃ ማውጣት 2400 ጁል ይፈልጋል፣ የእኔን 600። ሥራችን በአራት እጥፍ ይለያያል። ለየኪሎው ስናካፍለው ግን የሁለታችንም 120 ነው።

ያኔ ገባኝ። 120ው የእሷም የእኔም አይደለም፣ የደረጃው ነው። ብዙ ተሸከምክ ትንሽ፣ የታችና የላይ ልዩነት አይቀየርም። ቮልትም እንደዚያው ነው፤ አንድ ኩሎምብ ስንት ጁል እንደሚደርሰው ይናገራል። የሞባይሌ ባትሪ 3.7 ቮልት ይላል፤ በእሱ ውስጥ የሚያልፍ እያንዳንዱ ኩሎምብ 3.7 ጁል ያህል ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ባትሪው ተሸካሚ ነው። ደረጃውን ቻርጁ ብቻውን አይወጣውም።

ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በፊዚክስ ሕግ አንድ ዕቃ ካልተንቀሳቀሰ የተሠራ ሥራ የለም። እማዬ ጀሪካኑን ይዛ በቆመችበት ደቂቃ ውሃው ላይ የሠራችው ሥራ ዜሮ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የጀሪካኑ እጀታ ጣቷ ላይ የተወውን ቀይ መስመር ግን አይቆጥረውም።

«እማ፣ ለኔ ስጪኝ» አልኳት።

«ጥናትህስ?»

«ጨርሻለሁ።»