አቀንጭራን ያሸነፈው ገንዘብ

ስለ ዩኤስኤይድ መዘጋት ሲወራ ሰው የሚያነሳው ስንዴውን፣ ዘይቱንና መድኃኒቱን ነው። አይፈረድበትም፤ የተራበ ሰው ቀጠሮ አይሰጥም። ለዩኒቨርሲቲ ምርምር ይሄድ የነበረው ገንዘብ ግን ማንም ሳያለቅስለት ተቆረጠ። ዋጋውን ለማወቅ የአንድ አረም ታሪክ ይበቃል።

አቀንጭራን የወሎ፣ የትግራይና የሐረርጌ ማሽላ አምራች ያውቀዋል። አበባው ያምራል፣ ተንኮሉ ከመሬት በታች ነው። ከማሽላው ሥር የሚወጣውን ኬሚካል ሲያገኝ ይበቅላል፣ ከዚያ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ይመጣል። ገበሬው ከአፈር ብቅ ሲል ሲያየው አብዛኛው ጉዳት ደርሷል። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ነቅሎ መጨረስ የለም።

መላ ያገኙለት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ናቸው። የወሎንኮሚው ልጅ የተማሩት ጅማ እርሻ ትምህርት ቤትና ዓለማያ ኮሌጅ ነው። ሁለቱም በ1952 በተፈረመው የፖይንት ፎር ስምምነት፣ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብና በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን የቆሙ ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በ1978 ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያዙ። ሱዳን ሄደው ያዳቀሉት ማሽላ በ1983 ለገበሬ ሲለቀቅ ከአካባቢው ዝርያ እስከ 150 በመቶ ብልጫ ያለው ምርት ሰጠ። ከዚያ ወደ ፐርዱ ተመልሰው፣ ዩኤስኤይድ በሚደጉመው የማሽላ ምርምር፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያንን ቀስቃሽ ኬሚካል አጠኑ። አረሙን የማይቀሰቅሱ ማሽላዎችን መርጠው አዳቀሉ። በ1994 ስምንት ቶን ዘር ኢትዮጵያን ጨምሮ ለአፍሪካ አገራት ተከፋፈለ። የዓለም የምግብ ሽልማት የመጣው በ2009 ነው።

ከ1952 እስከ 1994 አርባ ሁለት ዓመት ነው። የትኛው የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ሪፖርት ይህን ትርፍ ያሳያል? ትርፉን ያገኘውም ተቀባዩ ብቻ አይደለም። በድርቅ ጊዜ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ማሽላ ለማውጣት የዓለም አዳቃዮች በስፋት የሚጠቀሙበት ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ማሽላ ነው። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቫይረስ በሽታ የታደገው ዘረ መልም ምንጩ የኢትዮጵያ ገብስ ነው። ይህን «እርዳታ» ብሎ መጥራት ሒሳቡን ማዛባት ነው።

በ2025 መጀመሪያ ዩኤስኤይድ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይደግፋቸው ከነበሩት የግብርና ምርምር ላቦራቶሪዎች አብዛኞቹ ሥራ እንዲያቆሙ ተነገራቸው። ዋሽንግተንን መውቀስ ቀላል ነው። አዲስ አበባም ግን መልስ አለባት፤ የአፍሪካ መሪዎች ከአገር ውስጥ ምርት አንድ በመቶውን ለምርምር እንመድባለን ካሉ ቆይተዋል፣ ኢትዮጵያ እዚያ አልደረሰችም። በሰው ገንዘብ ብቻ የሚሠራ ተመራማሪ ደግሞ ጥያቄውንም የሚመርጥለት ገንዘቡን የሰጠው ነው።

አዲስ ዝርያ ከማዳቀያው ማሳ ተነስቶ ገበሬው እጅ እስኪገባ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ዘንድሮ በገበያው የማሽላ ዋጋ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም። ጉድለቱ የሚታየው ውሳኔውን የፈረሙት ሰዎች ከሥልጣን ከወረዱ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ሐረርጌ ውስጥ አንድ ገበሬ አዲስ ዘር ፍለጋ ወደ ልማት ጣቢያ ሲሄድ ነው።