ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው

የታላቅ እህቴ ልጅ አሜሪካን አገር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኮሌጅ ትማራለች። ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ሌሊት፣ የድሬ ሙቀት ትንሽ ፋታ ሰጥቶኝ ግቢ ውስጥ ፍራሽ ዘርግቼ ጋደም እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። ቪዲዮ ልካልኛለች። ልደት ወይ ሠርግ ይሆናል ብዬ ብከፍተው ፈረስ! ልጅት ጥቁር ኮት፣ ገብስማ ጠባብ ሱሪና ረጅም ቡት አድርጋ፣ ጠንካራ ቆብ ደፍታ፣ አንድ ዳማ ፈረስ ላይ ጉብ ብላለች። አሸዋ በተነጠፈበት ሜዳ እየዞረች ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚሉ ስምንት የእንጨት አጥሮችን አዘለለችው። አንድም እንጨት አልወደቀ፣ ፈረሱም አንድ ጊዜ አላንገራገረ። ከሥሩ ግን እንዲህ የሚል ጽሑፍ አለ፤ «ከዘጠኝ ሰው ስድስተኛ ወጣሁ። አጎቴ፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

እኔ ምን አውቄ! ስለ ፈረስ የማውቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በየዓመቱ ጥር ላይ በቴሌቪዥን የማየው ጉግስ ነው። ሁለተኛው የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሪ ነው፤ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ። ቢሆንም ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው «አላውቅም» ብሎ መተኛት አይሆንለትምና፣ ያን ሳምንት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ያነበብኩት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጆቹ በአጥር ዝላይ የሚወዳደሩበት መንገድ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ማንም የሚገባው ነው፤ እንጨት ከጣልክ አራት ጥፋት ይያዝብሃል፣ ሰዓት አለ፣ ጥፋቱ ያነሰና የፈጠነ ያሸንፋል። ኦሎምፒክ ላይ የምናየው ይኼ ነው። ሁለተኛው የሚዳኘው ፈረሱን ነው፤ አረማመዱን፣ አዘላለሉን፣ ጠባዩን። የቀበሮ አደን ላይ ቀኑን ሙሉ ሊቀመጡበት የሚመች ፈረስ ነው ወይ ነው ጥያቄው። «ሀንተር» የሚለው ስም የመጣውም ከዚያ፣ ከአዳኙ ነው። ሦስተኛው፣ የኛይቱ ልጅ የገባችበት፣ «ሀንተር ሲት» የሚሉት የአቀማመጥ ውድድር ነው። እዚህ የሚዳኘው ሰውየው ነው። ሰዓት የለም። ሜትር የለም። ያለው አንድ ወይም ሁለት ዳኛ፣ ወረቀትና እርሳስ ነው።

ዳኛው ምን ያያል? ከታች ልጀምር። ተረከዝ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ተረከዙ ሽቅብ የወጣ ሰው ፈረሱ ድንገት ቢቆም በራሱ ላይ ይበራል። እግር ከፈረሱ ጎን ተለጥፎ እርግት ማለት አለበት፣ እንደ ደወል መወዛወዝ የለበትም። ወገብ ቀጥ ይላል፣ ግን ግትር አይልም። ዓይን ወደፊት ነው፤ ፈረሱን ወይ መሬቱን የሚያይ ሰው ነጥብ ይጥላል። ከሁሉ በላይ እጅ! ከክርኑ ተነሥቶ በዛቡ በኩል እስከ ፈረሱ አፍ ድረስ ገመድ የተወጠረ ይመስል ቀጥ ያለ መስመር መታየት አለበት። ፈረሱ አጥር ሲዘል ደግሞ እጅ አንገቱን ተከትሎ ወደፊት መሄድ አለበት፣ አፉ ነፃ እንዲሆን። ይኼን ያላደረገ ሰው ፈረሱን «ዝለል» እያለ በልጓም ወደ ኋላ ይጎትተዋል ማለት ነው።

በሶምሶማም ቢሆን ጣጣ አለ። ጋላቢው ከኮርቻው ብድግ ቁጭ የሚለው እንዳሻው አይደለም፤ ከአጥሩ በኩል ያለው የፈረሱ የፊት እግር ወደፊት ሲሄድ ነው ብድግ ማለት ያለበት። እንዲህ ሲሆን ፈረሱ ሲዞር ሚዛኑን አይስትም። በግልቢያ ደግሞ ወደ ግራ እየዞርክ ከሆነ ፈረሱ የግራ የፊት እግሩን ማስቀደም አለበት። አጥሩ ጋ ሲደርስ ከሩቅ ተወርውሮ መዝለልም፣ ሥሩ ድረስ ተጠግቶ መንጠርም ጥፋት ነው። ፍጥነቱ ከመጀመሪያው አጥር እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ዳኛው በእያንዳንዱ አጥር ላይ ራሱ ብቻ የሚያነበውን አጫጭር ምልክት እየጫረ ይከተላል። ከመቶ ነጥብ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ዘጠና ቤት የገባ እጅግ ጎበዝ ነው፣ ሰባ ቤት ደግሞ «ደህና ነው» ማለት ነው። አንዳንዴም ነጥብ ሳይጠራ ደረጃ ብቻ ይሰጣል። ፈረሱ እምቢ ብሎ ከቆመ ነጥቡ ቁልቁል ነው፤ ከፈረስ የወደቀማ ወጣ።

ይኼ አቀማመጥ የማን ፈጠራ መሰላችሁ? ፌዴሪኮ ካፕሪሊ የሚባል የጣሊያን ፈረሰኛ መኮንን ነው። ከሱ በፊት አውሮፓውያን አጥር ሲዘሉ እግራቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ ወደ ኋላ ተለጥጠው፣ ልጓሙን ጎትተው ነበር። ካፕሪሊ የፈረሱን ነገር ልብ ብሎ አየና፣ የሚዘለው እሱ ከሆነ ጋላቢው ለምን ሸክም ይሆንበታል ብሎ እርካቡን አሳጥሮ ወደፊት አጎነበሰ፣ አፉንም ለቀቀለት። ይኼን ዘዴ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1902 ቶሪኖ ላይ ለዓለም አሳየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በኛ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ደርሶ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ እኔ ግን የድሬ ልጅ ነኝና ሳልጠቅሰው ማለፍ አልቻልኩም። ካፕሪሊ በ1907 ከፈረስ ወድቆ ሞተ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ኮሌጆቹ ደግሞ አንድ የወደድኩላቸው ሥርዓት አላቸው። ተማሪው የራሱን ፈረስ ይዞ አይመጣም። አዘጋጁ ኮሌጅ ፈረሶቹን ያቀርባል፣ ተወዳዳሪው ዕጣ ያወጣል። በወጣለት ፈረስ ላይ ሳይለማመድ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሜዳ ይገባል። ባለ ብዙ ሺህ ዶላር ፈረስ ያለው የሀብታም ልጅና የኛይቱ ልጅ እኩል ናቸው። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው ማለት ይኼ አይደል? አንደኛ የወጣ ሰባት ነጥብ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛ አምስት፣ ከዚያ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት እያለ ይወርዳል፤ ስድስተኛ አንድ። የኛይቱ አንድ ነጥብና አረንጓዴ ሪባን ይዛ ገባች።

እንግዲህ ሕጉን አወቅሁ። ቢሆንም አንድ ነገር ከነከነኝ። በዓይን የሚዳኝ ነገር ሁሉ ያስፈራኛል። ከዓመታት በፊት ለዜና አንባቢነት ተፈትኜ ነበር። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አነበብኩ፣ አንድም ቃል አልተሳሳትኩም። «ድምፅህ ጥሩ ነው፣ ግን...» አሉና ተያይተው ፈገግ አሉ። ያቺ «ግን» ውስጥ የድሬ አነጋገሬ ትኑር፣ ሸሚዜ ትኑር፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በፈረሱም ዓለም ይኼው ሐሜት አለ። ዳኞች እግሩ ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን የሆነ ልጅ ያደላሉ እየተባለ ሲወራ ኖሯል፤ መስመሩ ያምራላ! እህቴ ልጅ ደግሞ የናቷን ቁመት ነው የወሰደችው፤ እኛ ቤት ረጅም ሰው የለም።

በኛ አገርስ? ጉግስ ላይ እርሳስ የያዘ ሰው ትዝ አይለኝም። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው እያባረረ ዘንጉን ይወረውራል፣ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል ወይም ከፈረሱ ጎን ተጣብቆ ያመልጣል። የሚፈርደው ዳር የቆመው ሕዝብ ነው፤ በእልልታና በሳቅ። እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሲወጡም ተመልካቹ ሁሉ ዳኛ ነው። ከዚያም አልፎ የኛ ሰው ክብሩን ከፈረሱ ይወስዳል። ምኒልክ «አባ ዳኘው» ናቸው፤ ዳኘው፣ ፈረደው ማለት መሆኑን ልብ በሉልኝ። የሐረርጌው ገዥ ራስ መኰንን «አባ ቃኘው» ነበሩ፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ፈረሱ ለሰውየው ስም ይሰጠዋል። ቨርጂኒያ ላይ ፈረሱ በዕጣ የወጣ ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ይወጣበታል።

በመጨረሻ ቪዲዮውን ይዤ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ጋሼ ከምድር ባቡር ጣቢያ እስከ መጋላ፣ ከመጋላ ከዚራ፣ ሠላሳ ዓመት ጋሪ የነዳ ሰው ነው። ባጃጅ ድሬን ሲያጥለቀልቃት፣ ከ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ በኋላ ባለው ዓመት፣ ጋሪውን ለማገዶ ፈለጠው፣ ፈረሱን ሸጠው። ዓይኑ ደክሟል። ስልኩን ከአፍንጫው አስጠግቶ ያዘው። እኔ ስለ ተረከዝና ስለ ክርን ያነበብኩትን ላስረዳው ስጀምር በእጁ ዝም አሰኘኝ። ሁለት ጊዜ አየው። ልጅቱን ያያት አይመስለኝም።

«ጆሮውን እየው» አለኝ። «ወደ ግራ ሲዞሩ ጆሮው ፊት ለፊት ነው፣ ደስ ብሎታል። ወደ ቀኝ ሲዞሩ ወደ ኋላ ይተኛል። አፉንም ይከፍታል። ቀኝ እጇ ይከብዳል አቦ! ግራዋ ግን የላባ ያህል ነው።»

«ታዲያ ስድስተኛ ይገባታል?» አልኩት።

«ስድስተኛ ምን እንደሆነ አላውቅም። ፈረሱን ቀኝ አፉን አሞታል።»

ይኼን ሲል እኔ አንገቴን ደፋሁ። ለምን እንደሆነ እሱም ያውቃል። በ1990 ዓ.ም. ገደማ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከጎኑ አስቀምጦ ዛቡን አስይዞኝ ነበር። ደቻቱ ድልድይ አጠገብ አንድ የጭነት መኪና ጡሩንባውን ሲነፋብን ደነገጥኩና ባለኝ ጉልበት ሁሉ ጎተትኩ። ፈረሱ ቆመ። ከአፉ ግን ከአረፋው ጋር ደም መጣ። ጋሼ አልተቆጣኝም፣ አልመታኝም። ከጋሪው ወርዶ ተሳፋሪዎቹን ይቅርታ ጠየቀ፣ ገንዘባቸውን መለሰላቸው፣ ልጓሙን አወለቀ። ከአንዲት ሻይ ሻጭ ውሃ ለምኖ የፈረሱን አፍ አጠበለት። ከዚያ ጋማውን ይዞ እየመራው በእግራችን ቤት ገባን። ሦስት ቀን ሥራ አልወጣም። ሦስት ቀን ማለት ለኛ ቤት ምን ማለት እንደነበረ፣ አክስቴ ብቻ ናት የምታውቀው።

ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ያንን ፈረስ ሲሸጠው ለማን እንደሸጠው ጠይቄው አላውቅም። ያን ቀንም አልጠየቅሁትም።

«ደውልላት» አለኝ። ደወልኩ። እዚያ ጠዋት ነበር፤ ልጅት ገና ከእንቅልፏ መነሣቷ ነው።

«አባባ! እንደምን አደሩ?» አለች፤ እዚህ የመሸ መሆኑን ረስታው።

«እግዜር ይመስገን የኔ ልጅ። እጅሽን ምን ሆነሻል?»

«የቱን?»

«ቀኙን።»

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ እንደነገረችን፣ ዳኛው ምክንያቱን ለማንም አይናገርም፤ ግን አሠልጣኟ ያኔውኑ ከሜዳ ስትወጣ «ወደ ቀኝ ስትዞሪ ፈረሱ አፍ ላይ ትንጠለጠያለሽ» ብላታለች። እሷ ግን አላመነቻትም። ለኔ የጻፈችልኝ ሌላ ምክንያት አገኝላት እንደሆነ ብላ ነበር። ካፕሪሊን፣ ነጥቡን፣ የእግር ርዝመቱን ሁሉ አንብቤ ያዘጋጀሁላት መልስ እዚያው አፌ ውስጥ ቀረ።

ጋሼ ስልኩን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀጠለ። ዛቡን በቀኝ እጇ በጣቶቿ ብቻ እንድትይዘው፣ በመዳፏ እንዳትጨብጠው ነገራት። ከመውጣቷ በፊት ከፈረሱ አጠገብ ትንሽ ቆማ እንድታናግረው፣ አፉን እንድትዳብስለት ነገራት። እሷ «ሕጉ አይፈቅድም አባባ፣ በቀጥታ ወጥተን ነው የምንገባው» ስትለው «ስትወርጅስ?» አላት። ስትወርድ ይፈቀዳል።

«እንግዲያው ስትወርጅ። ውሃ ይሰጡታል?»

«ይሰጡታል መሰለኝ።»

«መሰለኝ አትበይ። እይ።»

የሚቀጥለው ውድድሯ በየካቲት ነው። ምን ዓይነት ፈረስ እንደሚወጣላት አታውቅም። ጋሼ በየሳምንቱ መጥቶ «ፈረሱ ታወቀ?» ይለኛል፤ ዕጣ የሚወጣው በዕለቱ ጠዋት ነው ብዬ ነግሬዋለሁ፣ እሱ ግን ይጠይቃል።